ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዛ የመጣችው ሴት

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነኝ። ሦስት ዓመት ተኩል ወንጀል ችሎት ስከራከር ቆይቼ ከአሥር ወር በፊት በወንጀል የተገኘ ንብረትን ወደ ማስመለስ ሥራ ተዛወርኩ። ድሮ ቀኔን የማሳልፈው ከሰው ጋር ነበር። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ የማየው የባንክ ስቴትመንት፣ ካርታ፣ ሊብሬና ውክልና ነው። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

አንድ መዝገብ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። ተከሳሹ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። በስሙ ያለውን ቤት አሳግደናል። ባለፈው ወር እህቱ ቢሮ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ በ2012 ነው የተመለሰችው። መጀመሪያ በወር 150 ዶላር፣ በኋላ 200 ይከፈላት እንደነበር ነገረችኝ። "ቤቱ የእኔ ላብ ነው፤ በወንድሜ ስም የሆነው እኔ እዚህ ስላልነበርኩ ነው" አለች። ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዛለች። ቀለማቸው ለቋል፣ ግማሹ አይነበብም። አለቃዬን ብጠይቀው "እሱን ጠበቃዋ ያምጣው፤ አንቺ የመንግሥት ወገን ነሽ" አለኝ። ሴትዮዋ ጠበቃ የላትም።

በዚህ ላይ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤቴ መጡ። የተከሳሹ ቤተሰብ የአገራቸው ሰዎች ናቸው። "ትንሽ ያዝ አድርጊላቸው" አሉኝ። ደንግጬ "እስቲ አያለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው። አንድ የግል ድርጅትም የአሁኑን ደመወዜን ሦስት እጥፍ እንክፈልሽ ብሎኛል። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? የእኔ ሥራ የሰው ቤት ማፍረስ ነው እንዴ?

እንቅልፍ ያጣችው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ረጅም ነበር። አሳጥሬዋለሁ፤ መዝገቡ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት አሁን አንቺ ባለሽበት ዓይነት ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ያለፍኩበትን ነው።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለውን እናንሳ፤ የአጎትሽን ነገር። "እስቲ አያለሁ" ያልሽው ትልቅ ሰው ላለማስቀየም ነው። አንቺ ስትይው እምቢ ማለትሽ ነበር። እነሱ የሰሙት ግን እሺ ነው። ከደጅሽ እንደወጡ ለተከሳሹ ቤተሰብ ደውለው "ልጅቷ ታየዋለች" ብለዋል ብለሽ ቁጠሪው። ከዚያ ወዲያ በመዝገቡ ላይ የምትሠሪው ሁሉ በዚያች ቃል ይተረጎማል። በስምሽ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሊነሳም ይችላል። እኔ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ዐቃቤ ሕጉ በስሙ ገንዘብ መከፈሉን የሰማው ከወራት በኋላ ነበር። አንድ ሳንቲም አልነካም። ቢሆንም ንጹሕነቱን ለማስረዳት ዓመት ፈጀበት።

ሌላም ነገር አስቢ። ፌስታል ይዛ የመጣችው ሴት የተከሳሹ እህት ናት። ነገ እውነቷ ወጥቶ ከቤቱ ድርሻዋ ቢለቀቅላት፣ "የዐቃቤ ሕጓ አጎት ሽማግሌዎች ሠሩላት" ይባላል። የእሷ እውነት በአንቺ "እስቲ አያለሁ" ይበላሻል ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አጎትሽ ቤት ሂጂ። በስልክ አይሆንም። "አጎቴ፣ ያን ቀን ደንግጬ ነው። ማየት አልችልም፣ አላይምም። ስለ መዝገብ ቤቴ ድረስ መጥቶ የሚያናግረኝ ካለ መጻፍ ግዴታዬ ነው። ለሰዎቹም እንደዚሁ ይንገሩልኝ" በያቸው። አነጋገርሽ የለዘበ ይሁን፤ ቃልሽ ግን ሁለት ትርጉም አይኑረው። ሊቆጡ ይችላሉ። ታገሺያቸው። ነገ ጠዋት ለአለቃሽ አንድ ገጽ ጻፊ፦ እነማን መጡ፣ መቼ፣ ምን አሉ፣ አንቺ ምን መለስሽ። "እስቲ አያለሁ" ማለትሽንም አትደብቂ። ደብዳቤው ቁጥር ይሰጠው፣ ገቢ ይደረግ። አጎትሽ ከተከሳሹ ቤተሰብ ጋር በሥጋ ወይም በጋብቻ የሚገናኙ ከሆነ ደግሞ ከመዝገቡ እንዲያነሱሽ ራስሽ ጠይቂ። ብትነሺም ስለ ሴትዮዋ የምታውቂውን ለሚረከብሽ ሰው በጽሑፍ አስተላልፊ። በቃል ያስተላለፍሽው ይረሳል።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እሷ ጋ ነው።

አለቃሽ የነገረሽ ግማሹን ነው። ወንጀል ችሎት ላይ ተከሳሽ አለ፣ አንቺ አለሽ፣ ዳኛው መሃል ይቀመጣል። እዚህ የምትከተይው ንብረቱን ነው። ገንዘቡ ከየት ተነሣ? በማን እጅ አለፈ? ዛሬ ምን ሆኖ ቆሟል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሆን መልስ በዚያ ፌስታል ውስጥ ካለ፣ ፌስታሉን መክፈት የመንግሥት ሥራ ነው። መንግሥት የማይገባውን ቤት ቢወርስ ምን አተረፈ?

ሕጉም ይህንኑ ይላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት አውጪና አንቀጽ 31ን እንደገና አንብቢ። ስለ ማገድና ስለ መውረስ ከዘረዘረ በኋላ በንዑስ አንቀጽ 9 ላይ የቅን ልቦና ሦስተኛ ወገኖች፣ ማለትም በወንጀሉ እጃቸው ሳይኖር በንብረቱ ላይ መብት ያላቸው ሰዎች፣ መብት እንዳይጎዳ ያስጠነቅቃል። በንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የወንጀል ፍሬ በሕጋዊ መንገድ ከመጣ ንብረት ጋር ሲቀላቀል፣ የሚወረሰው እስከ ተቀላቀለው የወንጀል ፍሬ ግምት ድረስ መሆኑን ይናገራል። የአንቺ መዝገብ የሚያርፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤቱ በሙሉ የሴትዮዋ ላይሆን ይችላል። በሙሉ የጉቦ ገንዘብም ላይሆን ይችላል። ወንድምየው ባለትዳር ከሆነ የሚስትየው ጥያቄም ይመጣል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘን ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታልና ከአሁኑ ተዘጋጂ።

እንግዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። አሥራ አንድ ዓመት 132 ወር ነው። በ150 ዶላር 19,800 ዶላር ይሆናል። ሁሉንም ወር በ200 ብታሰይው 26,400። አንድ ቀን ሳትታመም፣ አንድ ቀሚስ ሳትገዛ፣ አንድም ወር ሳይከለከልባት ልትልክ የምትችለው ከፍተኛው ይህ ነው። ቤቱ ምን ያህል እንደፈጀ በመሐንዲስ አስገምቺና አጠገቡ አስቀምጪው። ቢቀራረብ አንድ ነገር ይነግርሻል። አሥር እጥፍ ቢለያይ ሌላ ነገር ይነግርሻል።

ዶላሩን በዛሬ ምንዛሪ እንዳታሰይው አደራ። እያንዳንዱን ደረሰኝ በተላከበት ቀን ምንዛሪ መዝግቢ። ብሩ በነሐሴ 2002 መጨረሻ በአንድ ጊዜ ረክሷል፤ በጥቅምት 2010 እንደገና፤ ከሐምሌ 2016 በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2001 የተላከ መቶ ዶላር ያኔ ስንት ብር ሆነ፣ ያ ብር ያኔ ስንት ብሎኬት ገዛ? መልሱን ለማግኘት ጊዜ ይፈጃል። ግን ሙሉ ፍትሕ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ሁለት ረድፍ አስምሪ። በአንዱ ገንዘብ የገባበትን ቀን፣ በሌላው ቤቱ ያደገበትን ጻፊ። የግንባታ ፈቃዱ ክፍለ ከተማ አለ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ውል ቀን አለው። መሠረቱ መቼ ወጣ፣ ግድግዳው መቼ ቆመ፣ ቆርቆሮው መቼ ተመታ? ግንበኛው ከተገኘ ይናገራል፣ ጎረቤትም ያስታውሳል። ገንዘቧ በገባ በአሥር በአሥራ አምስት ቀኑ ግንቡ ከፍ እያለ ከሄደ፣ ከደረሰኝ የሚበልጥ ምስክር አገኘሽ። ምንም ባልላከችበት ዓመት ፎቅ ከወጣ ግን ሌላ ኪስ አለ። ያኔ ወንድምየው በዚያ ዓመት የትኛውን ውል እንደፈረመ፣ የትኛውን ጨረታ እንደመራ ተመልከቺ። እንዲህ ሲሆን የሴትዮዋ ፌስታል ለዋናው ክስሽም ማስረጃ ይሆናል።

ደረሰኝ ያልተገኘለት ሁሉ ውሸት ነው ብለሽ አትነሺ። ቤይሩት የኖሩ እህቶቻችን እንዴት ገንዘብ እንደሚልኩ ጠይቂ። የብዙዎቹ ፓስፖርት አሠሪ እጅ ነው የሚቀመጠው። ከቤት መውጫ ፈቃድ የላቸውም። እሁድ የምትወጣ ጓደኛ ስትገኝ በእሷ ስም ይላካል። ወደ አገር የሚገባ ሰው ሲገኝ በእጁ ይላካል። በ2012 ሊባኖስ በቀውስ ስትናጥ ስንቶቹ ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ሻንጣቸውን ይዘው እንደተጣሉ አይተናል። በዚያ ዓመት የተመለሰች ሴት ደረሰኝ በፌስታል ይዛ መውጣቷን ሳስብ፣ ከወርቅ በላይ ስትጠብቀው እንደኖረች ይገባኛል።

ርኅራኄሽ ግን ብቻውን አይምራሽ። "ከውጭ ዘመድ ልኮልኝ ነው" በዚህ ሥራ ላይ ደጋግመሽ የምትሰሚው መከላከያ ነው። "እቁብ ወጥቶልኝ" እና "ከአባቴ ወርሼ" ይከተሉታል። ዘመድ አሰልጥኖ የሚልክ ተከሳሽ አለ። ስለዚህ ወንድምየው በሌለበት አነጋግሪያት፤ ብቻሽን ሆነሽ ግን አይደለም፤ አንድ ባልደረባ አብሮሽ ይቀመጥ። ስለ ገንዘቡ ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ቤቱ ጠይቂያት። የወጥ ቤቱን በር በየት በኩል እንዳስደረገች፣ ስለ ምን ነገር ከወንድሟ ጋር በስልክ እንደተጣላች፣ መጀመሪያ ፎቶውን የላከላት ማን እንደነበረ። በሰው አገር ወለል እየወለወለች ቤት ያሠራች ሴት እነዚህን አትረሳም። ከዚያ የፓስፖርቷን ማህተም፣ የሥራ ኮንትራቷን፣ አብራ የኖረች ጓደኛዋን ምስክርነት አስከትይ።

ልብ የሚሰብር ነገር ሊመጣም ይችላል። ወንድሟ የላከችውን በልቶ ቤቱን በሌላ ገንዘብ ሠርቶት ሊሆን ይችላል። እሷ ይህን አታውቅም። ከአንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሰማው። ሒሳቡ ወደዚያ ካመራ፣ ያን ቀን የምታምነውን ሰው ይዛ እንድትመጣ ንገሪያት።

ማመልከቻ አትጻፊላት፤ እሱ የአንቺ ቦታ አይደለም። በመዝገቡ ጣልቃ ገብታ መጠየቅ እንደምትችል፣ ጊዜ እንዳያልፍባት፣ ወዴት እንደምትሄድ መንገር ግን ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አድራሻውን በወረቀት ጽፈሽ ስጪያት።

ስለ ታገደው ቤትም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚጸጽተኝ ነውና። በወጣትነቴ በአንድ መዝገብ የጭነት መኪናዎች አሳግጄ ነበር። እግዱ በተሰጠ ቀን ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። መኪናዎቹ ግቢ ውስጥ ቆሙ። ዝናብ ወረደባቸው፣ ጎማቸው ተሰነጣጠቀ፣ ባትሪያቸው ጠፋ፣ ሣር በቀለባቸው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ገሚሶቹ እንዲወረሱ ተፈረደ፤ መንግሥት ያገኘው የብረት ዋጋ ነበር። ሌሎቹ ለባለቤቱ ይመለሱ ተባለ። ሰውየው ግቢው በር ላይ ቆሞ መኪናዎቹን ሲያይ ፊቱን አልረሳውም። እነዚያ የእሱ ነበሩ፤ ንጹሕ ነበሩ። ሕጉ ፈቅዶልኝ ስለ ንብረቱ አያያዝ ፍርድ ቤቱን አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው።

ስለዚህ እግድ ስትጠይቂ ንብረቱን ማን እንደሚይዘው አብረሽ ጠይቂ። ቤት ከሆነ ይከራይ፣ ኪራዩ በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ። መኪናና የሚበላሽ ዕቃ ከሆነ በፍርድ ቤት ፈቃድ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ ይቆይ። ሠራተኛ ያለው ሆቴል ወይም ፋብሪካ ከሆነ በሩን ከመዝጋትሽ በፊት አስተዳዳሪ ይሾም፤ አስተናጋጇና ዘበኛው ምን አደረጉ? ለማንም ቢፈረድ ዋጋ ያለው ነገር ይኑር።

"የሰው ቤት ማፍረስ ነው እንዴ?" ላልሽኝ፣ ሥራው ለምን እንደተጀመረ ላስታውስሽ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1996 አየርላንድ ውስጥ ቬሮኒካ ጌሪን የተባለች ጋዜጠኛ ስለ ዕፅ ነጋዴዎች በመጻፏ መኪናዋ ውስጥ እንዳለች በጥይት ተገደለች። ትልልቆቹ አለቆች ዕፁን በእጃቸው አይነኩትም፤ በወንጀል ለመያዝ አስቸጋሪ ነበሩ። ቤታቸውና መኪናቸው ግን ይታያል። በዚያው ዓመት አገሪቱ የወንጀል ንብረትን ብቻ የሚከታተል ቢሮ አቋቋመች። ፖሊሱ፣ የግብር ሠራተኛውና የማኅበራዊ ድጎማ ሠራተኛው አንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጡ። "ገቢ የለኝም" ብሎ ድጎማ የሚቀበለው ሰው ያን ቤት በምን ገዛው? ጥያቄው የወረቀት ነው። እኛም አገር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 419 ከገቢው በላይ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛን ይጠይቅ ነበር። በ2017 የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ደግሞ በሩን አስፍቶታል። በሩ በሰፋ ቁጥር እንዳንቺ ዓይነቷ ጠንቃቃ ዐቃቤ ሕግ ታስፈልጋለች። ንብረት በቀለለ ማስረጃ ሲወሰድ የሚሳሳት ዐቃቤ ሕግ ብዙ ሰው ይጎዳል።

ለመሰልቸትሽ የምሰጥሽ የናይጄሪያን ታሪክ ነው። የአገሪቱ ወታደራዊ መሪ የነበሩት ጄኔራል ሳኒ አባቻ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከአገር ካሸሹት ገንዘብ ውስጥ ጀርሲ ደሴት ላይ የተገኘ ከ308 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ናይጄሪያ የተመለሰው በ2020 ነው። ለሦስት የመንገድና የድልድይ ሥራዎች እንዲውል ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በእነዚያ 22 ዓመታት መሃል ስንት ዐቃቤ ሕግ ስቴትመንት ሲያገላብጥ አርጅቷል! ስማቸውን አናውቅም። ያንን መንገድ የሚሄድበት ሾፌርም አያውቃቸውም። እኔ ግን አስባቸዋለሁ፤ አንቺም ቢሮ ስትገቢ አስቢያቸው።

ስለ ደመወዙ አጭር ልሁን። የቤት ኪራይ ባለበት ከተማ ሦስት እጥፍ ደመወዝ መመኘት ነውር አይደለም። ብቻ የድርጅቱ ባለቤት ወይም ደንበኛ ከመዝገቦችሽ በአንዱ ውስጥ እንዳለ አጣሪ። ካለ ለአለቃሽ የምትጽፊው ሁለተኛ ገጽ አለሽ ማለት ነው፤ መልሱም እምቢ ነው። ከሌለ የራስሽ ውሳኔ ነው። የእኔን ከጠየቅሽኝ፣ ከመዝገቡ ካላነሱሽ ይህ ጉዳይ እስኪያልቅ ቆዪ። ተዛውራ በመጣች በአሥር ወሯ እንዲህ ያለ ጥያቄ የምትጠይቅ ሰው ሥራው ገብቷታል።

የአጎትሽ ጉዳይ ገቢ በተደረገ ማግሥት፣ አሁንም መዝገቡ ላይ ካለሽ፣ ሴትዮዋን ደውለሽ ጥሪያት። ደረሰኞቹን እሷ እያየች አንድ በአንድ ቁጠሪ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ቀለሙ በየቀኑ ይለቃል፤ ዛሬ የሚነበበው ለሚቀጥለው ክረምት ላይደርስ ይችላልና ስካን አስደርጊው። ዋናውን መልሽላት፣ ለችሎት እንድታቆየው ንገሪያት። ስንት ደረሰኝ እንዳሳየችሽና በምን ቀን እንደሆነ ጽፈሽ፣ ስምሽንና ፊርማሽን አኑረሽ ስጪያት። ማንበብ የሚያስቸግራት ከሆነ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።